የጓሮ በር ይዞ የገባው ዝመና፦ የኦሪዮን ጉዳይ

የመከታተያ ሶፍትዌሩ አዲስ እትም ሲወጣ የኔትወርክ ባለሙያ የሚያደርገው የታወቀ ነው። የለውጦቹን ዝርዝር ይከፍታል፣ ሲያስቸግረው የከረመው ስህተት መስተካከሉን ያረጋግጣል፣ ከአዲስ ነገሮቹ የሚጠቅመውን ያያል፣ ከዚያ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ይጭነዋል። መልካም ልማድ ነው። ሶላርዊንድስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከማርች 2020 ጀምሮ ኦሪዮን ለተባለው የኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌሩ ያወጣቸውን ዝመናዎች የጫኑ ድርጅቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከኩባንያው ከራሱ ድረ ገጽ አወረዱ፤ ዲጂታል ፊርማው ትክክል መሆኑን ዊንዶውስ አረጋገጠላቸው፤ ጫኑ። ማስተካከያዎቹ ሠሩ፣ ዳሽቦርዱም እንደ ወትሮው አረንጓዴ ሆነ። በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር ግን አብሮ ገብቶ ነበር፦ የጓሮ በር፣ ማለትም ሰርጎ ገብ ሳይታይ የሚገባበት ስውር መንገድ።

ይህን ጉዳይ እንደገና የማነሣው የታሪክ ትዝታ ስለሆነ አይደለም። በየድርጅቱ የመከታተያ ሰርቨር የሚዋቀርበት መንገድ ዛሬም ያኔ ከነበረው ብዙ አልተለየም፤ የኦሪዮን ጉዳይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የተመረመረና የተጻፈለት በመሆኑ፣ የቱ ጋ ምን እንደተበላሸ ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል።

ሰርቨሩ የያዘው ቁልፍ

መከታተያ ሶፍትዌር ሥራው መጠየቅ ነው። በድርጅቱ ውስጥ ያሉትን ራውተሮች፣ ስዊቾች፣ ፋየርዎሎችና ሰርቨሮች በየጥቂት ደቂቃው ይጠይቃል፦ አለህ? ፕሮሰሰርህ ምን ያህል ተጨናንቋል? ዲስክህ ሞልቷል? በዚህ መስመር ስንት ዳታ አለፈ? መልሱን ሰብስቦ በግራፍ ያሳያል፤ አንዱ መሣሪያ ሲታመም ማንቂያ ይልካል። ዋናው የመጠየቂያ ቋንቋ ኤስኤንኤምፒ ነው። ጥያቄው በዩዲፒ ፖርት 161 ይሄዳል፤ መሣሪያው ሳይጠየቅ ራሱ ችግሩን ሲያሳውቅ ደግሞ መልእክቱ በ162 ይመጣል። ለዊንዶውስ ሰርቨሮች ሌላ መንገድ አለ፤ የመሣሪያዎቹን ኮንፊግሬሽን እየቀዳ የሚያስቀምጠው ክፍል ደግሞ በኤስኤስኤች፣ ማለትም በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ፣ ይገባል።

እያንዳንዱ ጥያቄ መታወቂያ ይፈልጋል። ስለዚህ የመከታተያው ሰርቨር የድርጅቱን የይለፍ ቃሎች በአንድ ቦታ አከማችቶ ይይዛል፤ ወደ ሁሉም የኔትወርክ ክፍል የሚያደርስ መንገድም ይከፈትለታል። ፋየርዎል በዲፓርትመንቶች መካከል ግንብ ሲሠራ ለመከታተያው ግን በየግንቡ ቀዳዳ ይበሳል፤ ያለዚያ ሥራውን መሥራት አይችልም። በተግባር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የማንበብ ፈቃድ በሚበቃበት ቦታ ሙሉ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ በችኮላ ሲዋቀር ያ ይቀልላልና። በአሮጌዎቹ የኤስኤንኤምፒ እትሞች የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር በሽቦው ላይ ያልፋል። ምስጠራና ማረጋገጫ የመጣው በ3ኛው እትም ነው፤ በብዙ ቦታ ግን አሮጌው እስካሁን ይሠራል።

በዚያን ጊዜ የኩባንያው የድጋፍ መመሪያ የኦሪዮን ፎልደሮች ከጸረ ቫይረስ ፍተሻ ውጭ እንዲደረጉም ይመክር ነበር። ምክሩ የሶላርዊንድስ ብቻ አይደለም። መረጃ ቋት ያለውና ፋይል በብዛት የሚጽፍ ሶፍትዌር ሁሉ በጸረ ቫይረስ ስለሚዘገይ ብዙ አምራቾች እንዲህ ይላሉ። አንድ ላይ ሲደመር ግን ውጤቱ ይህ ነው፦ ሁሉን የሚያይ፣ የሁሉን ቁልፍ የያዘ፣ እሱን ግን ማንም የማያየው ሰርቨር።

ኩባንያው በዲሴምበር 14 ቀን 2020 ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ባስገባው ሰነድ መሠረት፣ የኦሪዮን ደንበኞች 33,000 ገደማ ነበሩ፤ የጓሮ በር ያለበትን እትም የጫኑት ደግሞ ከ18,000 ያነሱ ናቸው ብሎ ገምቷል። በዚያው ዓመት በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ወራት ከጠቅላላ ገቢው 45 በመቶ ገደማ ከኦሪዮን ምርቶች የመጣ ነበር።

ኮዱ ንጹሕ፣ ፕሮግራሙ የተመረዘ

ከጉዳዩ ሁሉ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ክፍል ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

ሰርጎ ገቦቹ ወደ ሶላርዊንድስ ኔትወርክ መግባታቸው በሴፕቴምበር 2019 ታይቷል፤ ኩባንያው በኋላ ባደረገው ምርመራ ቀድሞ በጃንዋሪ 2019ም ምልክት እንደነበረ ተናግሯል። ገብተው የምንጭ ኮዱን በቀጥታ አልነኩም። የምንጭ ኮድ ማከማቻ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ስምና ሰዓት ይዞ ይመዘገባል፤ የሥራ ባልደረባ ያየዋል፤ ይጠየቃል። እነሱ የመረጡት ኮዱ ወደሚጫን ፕሮግራም የሚቀየርበትን፣ ባለሙያዎች ቢልድ ሰርቨር የሚሉትን ማሽን ነው።

ከዚያ ደግሞ አልቸኮሉም። በ2019 መጨረሻ አካባቢ በወጣው የኦሪዮን እትም ውስጥ ምንም ጉዳት የማያደርስ ትንሽ ለውጥ ብቻ አስገቡ፤ ዓላማው ማስገባት መቻሉን መፈተሽ ነበር። ለውጡ ተፈርሞ ለደንበኛ ሲደርስና ማንም ሳያስተውል ሲቀር መንገዱ ክፍት መሆኑን አወቁ። በፌብሩዋሪ 2020 እውነተኛውን አዘጋጁ፤ በማርች 26 ቀን የ2019.4 ሆትፊክስ 5 ለደንበኞች ቀረበ (ሆትፊክስ በእትሞች መካከል በአስቸኳይ የሚወጣ ማስተካከያ ነው)። ከእሱ በኋላ የመጡት 2020.2 እና የ2020.2 ሆትፊክስ 1ም ተመርዘው ነበር። በጁን መጀመሪያ ላይ ደግሞ መሣሪያቸውን ከቢልድ ሰርቨሮቹ ላይ አጥፍተው ወጡ። ዱካቸውን የጠረጉት ማንም ሳያባርራቸው በፊት ነው።

ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በጃንዋሪ 2021 ይፋ ባደረገው ትንታኔ፣ በቢልድ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠው መሣሪያ ሳንስፖት የሚል ስም ተሰጠው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በየሴኮንዱ ያዳምጣል፤ ኮዱን የሚገነባው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም መጀመሩን ሲያይ እየተገነባ ያለው ኦሪዮን መሆኑን ያረጋግጣል። ኦሪዮን ከሆነ አንዲት የምንጭ ኮድ ፋይል ብቻ ይፈልጋል። ዋናዋን ፋይል ወደ ጎን አስቀምጦ በቦታዋ የጓሮ በር ያለባትን ይተካል። ግንባታው ሲያልቅ ዋናዋን ይመልሳል። ከመተካቱ በፊት ደግሞ ፋይሏ እሱ የሚያውቃት መሆኗን በኤምዲ5 አሻራዋ፣ ማለትም ከይዘቷ በሚሰላ ቁጥር፣ ያመሳክራል፤ ፕሮግራመሮቹ በመሃል ለውጠዋት ከሆነ ግንባታው ስህተት አሳይቶ ሰው እንዳይነቃ ነው። በተተካችው ፋይል ውስጥም የግንባታ ማስጠንቀቂያ እንዳይወጣ የሚያፍን መስመር ተጨምሮባታል።

ስለዚህ የምንጭ ኮዱን የሚያነብ ሰው ንጹሕ ኮድ ያነባል። የተመረዘው ፕሮግራም የሚወለደው በግንባታው ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ከዚያ የኩባንያው እውነተኛ ዲጂታል ፊርማ ያርፍበታል። ዲጂታል ፊርማ ፋይሉን ማን እንደፈረመው ያረጋግጣል፤ የፈረመው ሰው ምን እንደፈረመ ማወቁን ግን አያረጋግጥም። ይህ ልዩነት በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የታወቀ ነው፤ ደንበኛ ቤት ሲደርስ ግን "ተፈርሟል" ማለት "ደህና ነው" ወደማለት ይለወጣል።

ዝም ብሎ የጠበቀው እንግዳ

ሳንበርስት ተብሎ የተጠራው የጓሮ በር የተቀመጠው ከኦሪዮን ዋና ዋና የዲኤልኤል ፋይሎች (ፕሮግራሙ እየጠራ የሚጠቀምባቸው የኮድ ፋይሎች) በአንዱ ውስጥ ነበር። የማይክሮሶፍት ፕሬዚዳንት ብራድ ስሚዝ በፌብሩዋሪ 2021 በቴሌቪዥን እንደተናገሩት 4,032 መስመር ኮድ ነው፤ በሚሊዮኖች መስመር በሚቆጠር ሶፍትዌር ውስጥ ማለት ነው። የአጻጻፍ ስልቱም የኦሪዮንን ፕሮግራመሮች የሚመስል ነበር።

ከተጫነ በኋላ ከ12 እስከ 14 ቀን ምንም አያደርግም። ከዚያም ቢሆን ወዲያው አይነሣም። ኮምፒውተሩ የድርጅት ዶሜይን (በአንድ ማዕከል የሚተዳደር የኮምፒውተሮች ስብስብ) አባል መሆኑን ያያል፤ የዶሜይኑ ስም የሶላርዊንድስ የራሱ ወይም የመፈተሻ ስፍራ የሚመስል ከሆነ ሥራውን ያቆማል። የመመርመሪያና የደኅንነት ፕሮግራሞች ዝርዝር ይዟል፤ ስማቸው ግን በግልጽ አልተጻፈም፤ በቁጥር አሻራ ብቻ ነው የተቀመጠው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ካሉ ይሸሻል፤ አንዳንዶቹን ደግሞ በሚቀጥለው ማስነሻ እንዳይጀምሩ አድርጎ ያጠፋቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙ ድርጅት አዲስ እትም ሲመጣ መጀመሪያ በመፈተሻ ማሽን ላይ ይጭነዋል፤ አንድ ሳምንት ያየዋል፤ ችግር ከሌለ ወደ ዋናው ያልፋል። ሳንበርስት የተሠራው ይህን ልማድ በሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ሳምንት ብትጠብቁ ገና አልነቃም። የመፈተሻ ማሽናችሁ የዶሜይን አባል ካልሆነ ከነጭራሹ አይነቃም። የመፈተሻ ጊዜ የሶፍትዌር ስህተትን ለመያዝ ጥሩ ነው፤ ሆን ብሎ ለሚደበቅ ነገር ግን አልተሠራም።

ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ አንድ የዲኤንኤስ ጥያቄ ነበር፤ ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት ነው። የጥያቄው ስም የደመና አገልግሎት በሚመስል ዶሜይን ሥር የተፈጠረ ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ነው፤ በቅልቅሉ ውስጥ የተጠቂው ድርጅት የውስጥ ዶሜይን ስም ተመስጥሮ ይሄዳል። ሰርጎ ገቦቹ እዚያ ማዶ ሆነው ማን እንደሆነ ያነባሉ። ድርጅቱ ካላስፈለጋቸው መልሱ "አቁም" የሚል ትርጉም ያለው የአይፒ አድራሻ ይሆናል። ካስፈለጋቸው ወደ ሌላ ሰርቨር የሚመራ መልስ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ንግግሩ በኤችቲቲፒ ይቀጥላል። በሺዎች ከሚቆጠሩት ጫኞች መካከል በተግባር የተገባባቸው ጥቂት የሆኑት በዚህ ማጣሪያ ምክንያት ነው። ኩባንያው በሜይ 2021 ቁጥራቸው ከ100 እንደሚያንስ ገምቷል።

ኤችቲቲፒው ደግሞ የኦሪዮንን የራሱን ልብስ ለብሶ ነበር። ኦሪዮን ደንበኞች ሶፍትዌሩን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ለአምራቹ የሚልክ የማሻሻያ ፕሮግራም አለው፤ የጓሮ በሩ መልእክቶቹን ልክ እንደዚያ አስመስሎ ይልክ ነበር፣ የሰበሰበውንም በሶፍትዌሩ በራሱ የኮንፊግሬሽን ፋይሎች ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ሎግ የሚያነብ ሰው "ኦሪዮን ወደ ቤቱ እየደወለ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሶፍትዌር ሁሉ የአጠቃቀም መረጃ ለአምራቹ መላክ ከጀመረ ወዲህ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ትራፊክ አጠያያቂ መሆኑ ቀርቷል። በየአዲሱ እትም ዝርዝር ውስጥ "የተሻሻለ የአጠቃቀም መረጃ" የሚል መስመር ሳይ የምቆመው ለዚህ ነው። አዲስ ነገሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ አንድ አዲስ ወደ ውጭ የሚወስድ መንገድ መከፈቱን ስለሚነግረኝ ነው።

የማይታወቅ ስልክ

ጉዳዩ የተገለጠው በመከታተያ ሶፍትዌር አይደለም፤ በአንድ ሠራተኛ ስልክ ነው። ፋየርአይ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በአንድ ሠራተኛው አካውንት ላይ ለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሁለተኛ ስልክ መመዝገቡን አየ። ሠራተኛው ተጠየቀ፤ ስልኩ የእሱ አልነበረም። ከዚያች ትንሽ ጥያቄ ተነሥተው ወደ ኋላ ሲከተሉ፣ ሰርጎ ገቡ መጀመሪያ የታየበት ማሽን የኦሪዮን ሰርቨር ሆኖ ተገኘ። ሶፍትዌሩን ገነጣጥለው በተፈረመው ፋይል ውስጥ የማይገባውን ኮድ አገኙ። ፋየርአይ በዲሴምበር 8 ቀን 2020 የደንበኞቹን ደኅንነት የሚፈትሽባቸው የሶፍትዌር መሣሪያዎቹ መሰረቃቸውን ይፋ አደረገ፤ በ12ኛው ቀን ለሶላርዊንድስ አሳወቀ፤ በ13ኛው ዓለም ሰማ።

ቀደም ብሎ የመገኘት ዕድል ነበረ። በ2023 በወጣ ዘገባ እንደታወቀው፣ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በሜይ 2020 መጨረሻ ላይ የኦሪዮን የሙከራ እትም ከተጫነበት ሰርቨር ያልተለመደ ትራፊክ ሲወጣ አይቶ ነበር። ምርመራ ተደረገ፤ የሶላርዊንድስ መሐንዲሶችም በኮዳቸው ውስጥ ችግር እንዲፈልጉ ተጠየቁ፤ አላገኙም። ከላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ እነሱ የፈለጉት በምንጭ ኮዱ ውስጥ ከሆነ፣ ችግሩ እዚያ አልነበረም። ያልተለመደ ትራፊክ ያየው ሰው ግን ትክክል ነበር። ማስረጃው ሽቦው ላይ እንጂ ኮዱ ውስጥ አልነበረም።

መንቀል

በዲሴምበር 13 ሌሊት ሲሳ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የሳይበርና የመሠረተ ልማት ደኅንነት ኤጀንሲ 21-01 የሚል ቁጥር ያለው አስቸኳይ መመሪያ አወጣ። ሲቪል የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የተመረዙትን የኦሪዮን እትሞች ወዲያውኑ ከኔትወርክ እንዲነቅሉ ወይም እንዲያጠፉ፣ መፈጸሙንም እስከ ማግሥቱ እኩለ ቀን እንዲያሳውቁ አዘዘ። በኦሪዮን ይከታተሏቸው የነበሩት ማሽኖች ሁሉ እንደተያዙ ይቆጠሩ፣ ከታመነ ምንጭ እንደገና ይጫኑ፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች በሙሉ ይለወጡ አለ።

ይህን ትእዛዝ በወረቀት ማንበብና መፈጸም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኔትወርኩ ውስጥ ጠላት ገብቷል ተብሎ በተነገረበት ቀን መጀመሪያ የሚጠፋው ኔትወርኩን የሚያሳየው ሶፍትዌር ነው። መስመር ቢቆረጥ፣ ሰርቨር ቢወድቅ፣ ትራፊክ ባልተለመደ ሰዓት ቢጨምር የሚናገር የለም። ከዚያ የይለፍ ቃል መለወጥ ይመጣል፦ በየራውተሩና በየስዊቹ፣ በየዊንዶውስ ሰርቨሩ፣ በየመረጃ ቋቱ። መከታተያው የትኛውን ቁልፍ የት እንደሚጠቀም የተጻፈው ደግሞ እዚያው በተነቀለው ሰርቨር ውስጥ ነው። ያን ዝርዝር ለብቻው በሌላ ቦታ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤትና ያላስቀመጠው ያሳለፉት ሳምንት አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

ማይክሮሶፍት፣ ፋየርአይና የዶሜይን ስሞች መዝጋቢው ጎዳዲ ተባብረው የጓሮ በሩ የሚጠይቀውን ዶሜይን ያዙት፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ጥያቄ "አቁም" የሚለውን መልስ እየሰጡ የቀረውን አስተኙ። ራሱ የሰርጎ ገቦቹ ማጣሪያ ነበር የተገለበጠባቸው። ይህ ግን አስቀድሞ ሌላ መግቢያ ለተሠራባቸው ድርጅቶች አልጠቀመም። በፌብሩዋሪ 2021 የዋይት ሐውስ ባለሥልጣን አን ኑበርገር ዘጠኝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና 100 ገደማ የግል ድርጅቶች መጎዳታቸውን ተናገሩ። በኤፕሪል 15 ቀን 2021 የአሜሪካ መንግሥት ድርጊቱን የፈጸመው የሩሲያ የውጭ ስለላ አገልግሎት ነው ሲል በይፋ ከሰሰ፤ ሩሲያ ክሱን አልተቀበለችም።

ያላዘመኑትስ?

ጉዳዩ ሲሰማ ብዙ ሰው የወሰደው ትምህርት አንድ ነበር፦ ያላዘመነ ዳነ። እውነት ነው፣ ከ2019.4 ሆትፊክስ 5 በፊት የነበሩት እትሞች ሳንበርስት አልነበረባቸውም። ሰነፉ ሲድን ትጉሁ መጎዳቱ ልብን ይነካል። ትምህርቱን ግን አልቀበለውም፤ ምክንያቱም በዚያው ወር፣ በዚያው ሶፍትዌር ላይ ተቃራኒው ተገለጠ።

መርማሪዎች ሳንበርስትን ሲፈልጉ ሱፐርኖቫ የተባለ ሌላ ነገር አገኙ። የድርጅት አርማ ምስል የሚያሳየውን የኦሪዮን የዌብ ፋይል አስመስሎ የተሠራ ዲኤልኤል ነው። ይህኛው በዝመና አልመጣም፤ ዲጂታል ፊርማም አልነበረውም፤ ያስቀመጡትም ሌሎች ሰዎች እንደሆኑ ይታመናል። የገባው በኦሪዮን ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ሶፍትዌሩን የሚያዙበት በር) ላይ በነበረ ክፍተት ነው፤ ለክፍተቱ የተሰጠው መለያ ቁጥር 2020-10148 ነው። በዌብ ጥያቄው አድራሻ ላይ የተወሰነ ቃል ሲጨመር ሶፍትዌሩ ማንነትን ሳይጠይቅ ያሳልፍ ነበር። ይለፍ ቃል አያስፈልግም። ክፍተቱ ደግሞ በአሮጌዎቹ እትሞችም ላይ ስለነበረ ኩባንያው ለ2018ቱ እትሞች ጭምር ማስተካከያ ማውጣት ነበረበት።

በዲሴምበር 15 የወጣው የ2020.2.1 ሆትፊክስ 2 ሁለቱንም ይመለከት ነበር። አንዱን መርዝ ያመጣው ዝመና ነው፤ ሌላውን የሚዘጋው ዝመና ነው። በአንድ ሶፍትዌር፣ በአንድ ወር። አላዘምንም ብሎ የተቀመጠ ሰው ከሳንበርስት ሲያመልጥ ለሱፐርኖቫ ክፍት በር ይዞ ተቀምጧል፤ የታወቀ ክፍተትን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቢልድ ሰርቨር ሰብሮ ከሚገባ ሰው በቁጥር እጅግ ይበዛል። ማዘመን አለብን። የሚቀረው ጥያቄ ዝመናው ክፉ ሆኖ ቢመጣስ የት ድረስ ይደርሳል የሚለው ነው።

አምራቹ በበኩሉ የድሮውን የፊርማ ምስክር ወረቀት በማርች 8 ቀን 2021 አሰረዘ፤ ከዚያ በፊት ምርቶቹን ሁሉ በአዲስ ምስክር ወረቀት እንደገና ፈርሞ አወጣ። ጃንዋሪ 2021 ሥራ የጀመሩት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሱዳካር ራማክሪሽና የግንባታውን ሥርዓት አስለወጡ። አዲሱ አሠራር አንዱን ሶፍትዌር በተለያዩ፣ እርስ በርስ በተነጠሉ ስፍራዎች ገንብቶ ውጤቶቹን ያነጻጽራል፤ የግንባታ ማሽኖቹም ሥራቸውን ሲጨርሱ ይፈርሳሉ። ይህ ትክክለኛው ማስተካከያ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳንስፖት ያሸነፈው አንድ ማሽን፣ አንድ ጊዜ ገንብቶ፣ ማንም ሳያነጻጽር ስለሚፈርም ነበር። ለመከታተያ ሶፍትዌር ገንዘብ የሚከፍል ድርጅት አምራቹን "አዲስ ምን ጨመራችሁ?" ከማለቱ በፊት "እንዴት ነው የምትገነቡት?" ቢል መልሱ ብዙ ይነግረዋል።

አንድ የፋየርዎል ደንብ

የአሜሪካው ሴናተር ሮን ዋይደን ለሲሳ ጥያቄ አቅርበው ነበር፦ የኦሪዮን ሰርቨሮች ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጡ በፋየርዎል ተከልክለው ቢሆን ኖሮ ጥቃቱ ይቆም ነበር ወይ? በጁን 2021 በኤጀንሲው ተጠባባቂ ዳይሬክተር ብራንደን ዌልስ ስም የመጣው መልስ አዎን የሚል ነበር። ወደ ውጭ የሚሄደውን ሁሉ የከለከሉ ድርጅቶች ታይተዋል፤ የጓሮ በሩ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ ከዚያ በኋላ የተከተለባቸው ነገር አልነበረም። በእርግጥ ኤጀንሲው ይህ ለሁሉም መሥሪያ ቤት የሚቻል እንዳልሆነ ጨምሯል።

እኔ ግን ለብዙዎቻችን የሚቻል ይመስለኛል። የመከታተያ ሰርቨር የዕለት ሥራው ወደ ውስጥ ነው። ወደ ውጭ የሚያስፈልገው ተቆጥሮ ያልቃል፦ የፈቃድ ማረጋገጫ፣ የዝመና ማውረጃ፣ ምናልባት ማንቂያ የሚያስተላልፍ የኢሜይል ወይም የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት። የሰዓት ማስተካከያው ከውስጥ ሰርቨር ይምጣ። ዝመናው ደግሞ በሌላ ማሽን ወርዶ፣ አሻራው ከአምራቹ ማስታወቂያ ጋር ተመሳክሮ መግባት ይችላል። ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ይዘጋ።

ፋየርዎሉ ብቻውን ግን የማይይዘው አንድ ነገር አለ፤ ሲነገር ብዙም አልሰማሁም። የሳንበርስት የመጀመሪያ ጥያቄ ዲኤንኤስ ነበር። ሰርቨሩ ወደ ኢንተርኔት መውጣት ቢከለከልም የውስጡን የዲኤንኤስ ሰርቨር መጠየቅ ይችላል፤ የውስጡ ደግሞ በእሱ ፈንታ ወደ ውጭ ወጥቶ ይጠይቅለታል። ስለዚህ ቀጣዩ የኤችቲቲፒ ግንኙነት ቢታገድም፣ የድርጅቱ ስም የተመሰጠረበት ጥያቄ ማዶ ይደርሳል። ለመከታተያው ሰርቨር መልስ የሚሰጠው የውስጥ ዲኤንኤስ፣ የውስጥ ስሞችንና ከላይ የተቆጠሩትን ጥቂት የውጭ ስሞች ብቻ የሚያውቅ መሆን አለበት። ሌላ ስም ሲጠየቅ "አላውቅም" ይበል፤ ጥያቄውንም ይመዝግብ።

የዲኤንኤስና የፋየርዎል ሎጎቹ ደግሞ ከመከታተያው ወደተለየ ቦታ ይሂዱ። የለውጦቹን ዝርዝር ስናነብም ከተስተካከሉት ስህተቶች አጠገብ ሁለት ነገር እንፈልግ፦ አዲሱ እትም የሚጠይቀው አዲስ ፈቃድና የሚከፍተው አዲስ ግንኙነት። ከተጫነ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር ሰርቨሩ የሚጠይቃቸውን ስሞች ከድሮው ዝርዝር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ሁለት ሳምንት እንደማይበቃ አይተናል። በዝርዝሩ የሌለ አንድ ስም ከተጠየቀ፣ ማንቂያው በዚያው ሰርቨር በኩል ሳይሆን በሌላ መንገድ ወደ ሰው ስልክ ይሂድ።